ለብረቱ ሁለት ቁጥር

እንጅባራ ላይ የወንድ ሱሪ የሚሸጥ ሰው ከሐኪም ይበልጥ ምሥጢር ያውቃል። ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ያመመውን ራሱ ይናገራል። እኔ ዘንድ የመጣ ግን ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ሜትሬ ነው።

ሰውዬው ይገባል፣ ሰላም ይላል፣ የተሰቀለውን ሱሪ በዓይኑ ይዞረዋል።

«ስንት ቁጥር ነህ?» እለዋለሁ።

«ሠላሳ አራት።»

ሜትሬን ሳልዘረጋ አየዋለሁ። ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ፣ ከጥሊሊ በእግሩ የመጣ የሚመስል ሰው ነው። ቢበዛ ሠላሳ ሁለት። ታዲያ የተረፈችው ሁለት ቁጥር የማን ናት? የብረቱ ናት። ሽጉጥ ወገብ ላይ ሁለት ቁጥር ይበላል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ እኔና ትምህርት ቤት የተለያየነው አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ያስተማረኝ የሰው ወገብ ነው።

ሌላም ምልክት አለው። ትከሻ ለትከሻ ሰላም ሲባባል አንድ ጎኑን የሚያሸሽ ሰው አለ። ወንበር ስትሰጠው ጫፉ ላይ ብቻ የሚቀመጥ አለ። ጫማ ሲለካ ጎንበስ ሳይል እግሩን እንደ ንጉሥ ወደኔ የሚዘረጋ አለ። ኮት ለመለካት የለበሰውን አውልቅ ስትለው ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

«ልክ ነው፣ ልክ ነው፣ ጠቅልልልኝ።»

«ሳይለኩት?»

«ዓይኔ ይለካል።»

ብርዱም ያግዛቸዋል። እንጅባራ ላይ ሐምሌም ይሁን ጥር ኮት ላይ ጋቢ የደረበ ሰው አይታወቅበትም። መጀመሪያ ሰልባጅ እሸጥ የነበረው ዳንግላ ነው፤ እዚያ ትንሽ ሞቅ ስለሚል፣ በቀትር ጋቢ ደርቦ ላቡን የሚጠርግ ሰው ካየህ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም ነበር።

ለምን እንደሚይዙት ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሸሚዝ ሊገዛ የመጣ ሰው ሽጉጥ ምን ያደርግለታል? ዋጋ ያስቀንስበታል እንዳልል፣ አንድም ሰው አስቀንሶበት አያውቅም። እንዲያውም የታጠቀ ሰው አጥብቆ አይከራከርም። ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ወገቤን ያዩኛል ብሎ ይፈራል። ባዶ እጇን የመጣች ሴት ለአንድ ሻርፕ ግማሽ ቀን ስትነዘንዘኝ፣ ታጣቂው የጠራሁለትን ከፍሎ ሹልክ ይላል። እግዜር ይስጣቸው፣ የሱቄን ጣሪያ ያሳደሱት እነሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ስስቅ ታዲያ የራሴን መደበቅ የለብኝም። እኔም ነበረኝ።

የገዛሁት በቅናት ነው። ጎረቤቴ የጣቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። አንድ ሰሞን ቀኝ ክንዱን ከጎኑ ራቅ አድርጎ መሄድ ጀመረ። ከእኔ ያነሰ ሱቅ ይዞ ከእኔ የሰፋ ወገብ ያለው ሰው በየቀኑ ማየት አልቻልኩም። ዳንግላ ሄጄ የድሮ ወዳጄን አገኘሁት፤ ከጆንያ ውስጥ አንድ የቱርክ ሽጉጥ አወጣልኝ። ወረቀት አለው ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «ወረቀት ከፈለግህ ደብተር ግዛ» አለኝ።

ሚስቴ ያየችው የዚያኑ ዕለት ነው።

«ማንን ልትገድል ነው?»

«ማንንም።»

«ታዲያ ለማን ብለህ ተሸክመኸው ትዞራለህ?»

ሹራቤን ወደ ታች ሳብኩ። ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም። ሚስቴ ነገር ስትተው ደስ አይለኝም፣ ግን ተውኩት። ሽጉጡን ከሱሪዬና ከሥር ከምለብሰው ቱታ መካከል እሸጉጠዋለሁ፣ ቀበቶዬን ጠበቅ አደርጋለሁ፣ ሹራቤን እለቅበታለሁ። ማኅደር እንኳ የለውም፤ የሚይዘው ቀበቶው ብቻ ነው። ለወራት ሱሪ ስሸጥ፣ ሜትር ስዘረጋ፣ ደንበኛ ስሸኝ፣ አንድ ክንዴን ራቅ አድርጌ ኖርኩ። ማንም የሚያውቅብኝ አይመስለኝም ነበር።

በጥር፣ በሠርግ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት አምስት ሰዎች ሱቄ ገቡ። ከፊት ጋቢያቸውን አገጫቸው ድረስ የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው የሙሽሪት አባት፣ ቀጥሎ ሙሽራው፣ ቀጥሎ የሙሽራው ታላቅ ወንድም፣ በመጨረሻ ዘንቢል ያንጠለጠሉ የሙሽሪት አክስት። አክስቲቱ የአባትየው እኅት ናቸው፤ ሙሽሪትንም ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

ሁለቱ ቤተሰብ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ማዶ ለማዶ የሚኖሩ ናቸው። ሁለቱም ለከሰል የሚሆን ግራር ይተክላሉ። በግራሩ ድንበር ተጣልተው፣ አንዱ የሌላውን ዛፍ ቆርጧል ተባብለው፣ ተኩስ ተነሥቶ ነበር። የተመታው የአክስቲቱ ልጅ ነው። አልሞተም፣ እግሩን ግን ይጎትታል። ይህን ደም ለማድረቅ ሽማግሌው ብዙ ተመላልሰው፣ በመጨረሻ ልጅ ለልጅ ይጋቡ ተባለ። ደግሞ ልጆቹ ሽማግሌ ሳይላክ በፊት ተስማምተው ኖሯል ይባላል፤ ያንን ማንም በአደባባይ አያነሳውም።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሽማግሌው ናቸው፣ ገና ሳይቀመጡ።

«እኛ የመጣነው ለልብስ ብቻ አይደለም» አሉኝ። «የሙሽራውን ልብስ የሙሽሪት አባት ይገዛሉ። የሙሽሪትን የሙሽራው ወንድም ይገዛል። ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ በእኔ ፊት። እርቅ ነው።»

«ጥሩ ቦታ መጡ፣ አባቴ። ለሁለቱም ወገን የሚሆን አለኝ።»

«ሌላም አለ። ሠርጉ እስኪያልፍ ድረስ ከሁለቱ ወገን ማንም ወንድ ብረት አይነካም። መስቀል መትተው ምለዋል። ብረት የተገኘበት ወገን ካለ ሠርጉ ፈረሰ፣ እርቁም ፈረሰ።»

«ፈረሰ» አሉ አክስቲቱ፣ ነጠላ እየገለጡ።

እኔ በልቤ እንዲህ ዓይነት መሐላ ስንት ቁጥር ይሆን አልኩ።

ሙሽራውን ለካሁት። ሠላሳ አለኝ፣ ሠላሳ ወጣ። ሜትሬን ደግሜ አየሁት። ቁጥሩንና ወገቡን እኩል አድርጎ የሚናገር ወንድ ካየሁ ዘመን የለውም፤ የተበላሸው ሜትሩ መሰለኝ። አንድ ጥቁር ሱፍ ሰጥቼው ወደ መጋረጃው ገባ።

አባትየውን ደግሞ፣ «እርስዎም ለቀኑ አንድ ኮት ይለኩ እንጂ» አልኳቸው። ለሠርግ ልብስ የመጣ ሰው በባዶ አይሸኝም፤ ሥራዬ ነው።

«ኧረ ይኼ ይበቃኛል።»

«እንግዲያ ሚዜው ይለካ» አሉ ሽማግሌው ወደ ወንድምየው እያዩ።

«ኧረ እሳቸው ይቅደሙ። ታላቅ እያሉ?»

«የለም የለም፣ አንተ ቅደም ልጄ። እንግዳ ነህ።»

«ኧረ በሞቴ!»

እንዲህ ሲባባሉ ቆዩ። የሚተኳኮሱ ሰዎች እንዲህ ሲከባበሩ አይቼ አላውቅም። አክስቲቱ ነጠላውን ዝቅ አድርገው ተመለከቷቸው።

«ምን ሆናችኋል? ኮቱ ቆዳችሁ ላይ ተሰፍቷል እንዴ?»

በዚህ ላይ ወንድምየው ተነሣ። ሜትሬን በወገቡ ላዞር እጄን ከኮቱ ሥር ስሰድ እጄን ያዘኝ። አያያዙ ጨዋ ነው፣ ግን አይለቅም።

«ወንድሜ፣ በዓይንህ ለካኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ስንት ልጨምር?»

«ሁለት።»

ብረቱ ከጀርባው በኩል ነበር። ደህና። ሱሪ ላወጣ ወደ መደርደሪያው ስዞር አባትየው ተከትለውኝ መጡ፣ የሸሚዝ ኅብር የሚመርጡ መስለው ጆሮዬ ሥር ሆኑ።

«ልጄ፣ ለእኔም ሱሪ ታያለህ። ትንሽ ሰፋ ያለ።»

«ሁለት ቁጥር ሰፋ ይበል?»

ደነገጡ። «እንዴት አወቅህ?»

«ዓይኔ ይለካል» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ሁለቱም ወገን እጄ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስ፣ አንዲት አይቻት የማላውቃት ልጅ ሠርጓ ይፈርሳል፣ ከዚያም አልፎ ግራሩ መሀል ሌላ ሰው ይወድቃል። ዝም ብል ደግሞ በውሸት ላይ የተደገሰ ሠርግ ላይ ታጥቀው ይቀመጣሉ፣ መጠጥ ይገባል፣ የፊተኛው ነገር በአንድ ቃል ይነሣል። እንዲህ ዓይነት ጭንቅ የገባው ሰው ምን ያደርጋል? እኔ ነጋዴ ነኝ። ሁለት ሱሪ፣ ሁለቱንም ሰፋ ያለ፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።

ሙሽራው ከመጋረጃው ወጣ። ኮቱ በልኩ የተሰፋ ይመስላል፤ ሱሪው ግን ረዝሞ ተረከዙን ይውጣል።

«ጫፉ ይታጠፋል፣ እሱ ችግር የለም» አልኩ።

«ቀበቶ ያንሰዋል» አሉ አክስቲቱ።

ቀበቶ አልቋል። የሠርግ ሰሞን ነው፣ የቀረኝ አንድ የተላጠ ብቻ ነበር። አባትየው ዓይናቸውን ሹራቤ ከፍ ባለበት እኔ ወገብ ላይ ጣሉ። ደንግጬ ሹራቤን ሳብኩ።

«ያ ያንተ ቡናማው ያምራል» አሉ። «እንዲህ ያለ የለህም?»

እንግዲህ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ። ጤነኛ ሰው «የለም» ይላል። እኔ ግን በንግድ ካደግሁ ጀምሮ «የለም» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ያመኛል። «ይኸው፣ ዛሬ ጠዋት ነው ከካርቶኑ ያወጣሁት» ብዬ ከራሴ ወገብ ፈትቼ ሰጠኋቸው። ዋሽቻለሁ፤ ዓመት ታጥቄዋለሁ።

ሙሽራው ታጠቀው። «እጅህን ዘርጋ፣ ቀጥ በል» አልኩት። ስፒሎቹን አፌ ውስጥ አድርጌ የሱሪውን ጫፍ ልሰካ ተንበረከክሁ። አንዱን እግር ጨረስኩ። ወደ ሁለተኛው ዞር ስል ከሆዴ ላይ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ሲንሸራተት ተሰማኝ። ልይዘው ብል ዘገየሁ።

ቃ! አለ ሲሚንቶው ላይ።

ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ሌላ ነገር አይመስልም። እኔ ጎንበስ ብዬ፣ አፌ ስፒል ሞልቶ፣ ወደ ላይ ቀና አልኩ። ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። አባትየው ቀኝ ጎናቸውን ጥፍ አድርገው ይዘዋል። ወንድምየው እጁን ወደ ጀርባው ሰዷል። ሽማግሌው፣ እርቁን ያስማሉት ሽማግሌ፣ እጃቸውን በጋቢያቸው ሥር አሳልፈው ብብታቸውን ዳብሰዋል። የወደቀው የኔ ይሆን ብሎ ሁሉም የየራሱን አረጋገጠ። ከዚያ አንዱ የሌላውን እጅ አየ።

ሙሽራው ብቻ እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ።

አክስቲቱ ነጠላውን ቀስ ብለው አጠፉት። አጥፈው ሲጨርሱ፣

«መሬት ላይ ያለው የማን ነው?» አሉ።

ስፒሎቹን ተፋሁ። «የኔ ነው፣ እናቴ።»

«ያንተ ከሆነ እነዚህ ወገባቸው ላይ ምን ይፈልጋሉ?»

«እኔ ወገቤን አሞኝ ነው» አሉ አባትየው።

«አንተስ?»

«ስልኬን ነው» አለ ወንድምየው። ስልኩ ባንኮኒው ላይ፣ ከዓይናችን ፊት፣ ተቀምጧል።

«እርስዎስ፣ አባቴ?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መቁጠሪያዬን ነው።»

«መቁጠሪያዎ አንገትዎ ላይ ነው።»

ሄደው የሱቁን በር ገርበብ አደረጉት። ከዚያ አንድ ባዶ የጫማ ካርቶን ከመደርደሪያ አንሥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩ። እንዲያ ያለ ዝምታ ከሚስቴ በቀር ከማንም አላየሁም። አባትየው አወጡ። ወንድምየው አወጣ። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ከብብታቸው ሳቡ፤ ከሁሉም ትልቁ የሳቸው ነበር።

«እርስዎ እንኳ?» አሉ አክስቲቱ።

«አስታራቂ ሰው በመሀል ነው የሚቆም» አሉ ሽማግሌው ተቆጥተው። «ቢተኳኮሱ መጀመሪያ የምመታው እኔ ነኝ።»

እውነት ለመናገር ከሁሉም የተሻለ ምክንያት የሳቸው ነው።

አክስቲቱ ጥይት እንዲያወጡ አዘዟቸው። ሽማግሌው የለመደ እጅ አላቸው፤ የአንዱን የጥይት ካርታ መዘዙ፣ ሙሉ ነው። የሁለተኛውን መዘዙ፣ ሙሉ ነው። የራሳቸውን መዘዙ። ከዚያ የኔን አንሥተው መዘዙና ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ደግመው አዩት።

«ይኼ ባዶ ነው» አሉ።

«አይሆንም» አልኩ።

«ና እይ።»

አየሁ። አንድ ፍሬ የለም። ሚስቴ! ያን ዕለት ነገሩን የተወችበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። ስንት ወር ሙሉ አንድ ክንዴን ራቅ አድርጌ የዞርኩት ባዶ ብረት ይዤ ነው። ወንድምየው መጀመሪያ ፈነዳ፣ ቀጥሎ አባትየው። ማዶ ለማዶ ደም የሚፈላለጉ ሰዎች ባንኮኒዬ ላይ ተደግፈው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ በኔ ሳቁ። «ሌባ ቢመጣብህ ልትለካው ነው?» አሉኝ አባትየው። «ሁለት ቁጥር ጨምሮ!» አለ ወንድምየው።

አክስቲቱ አልሳቁም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው፣

«ልጄ የተመታ ዕለትም ማንም ብረት አልያዘም ነበር» አሉ። «ሁሉም ቤቴ ነው ያለው ብሎ ነበር። ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ የሚነግረኝ አጣሁ።»



ሽማግሌው ነገር ማርገብ ሥራቸው ነውና ጀመሩ። «እንግዲህ እመቤት፣ መሐላው የሚለው ብረት የተገኘበት ወገን ነው። ብረት የተገኘው በሁለቱም ነው። ሁለቱም እኩል ካፈረሱ፣ እንደ ሕጉ ማንም አላፈረሰም፤ ምክንያቱም—»

«እርስዎ ዝም ይበሉ፣ አባቴ። እርስዎ በየትኛው ወገን ነው የሚቆጠሩት?»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን መቁጠር ጀመሩ።

«አንተ ለምን ያዝክ?» አሉ ወንድምየውን።

«ወንድሜን ልጠብቅ ብዬ።»

«ከማን?»

አባትየውን አየ። እኅታቸው ወደ እሳቸው ከመዞራቸው በፊት አባትየው ራሳቸው፣ «እኔም ልጄን ብዬ ነው» አሉ።

«ከማን?»

ወንድምየውን አዩ።

ከዚያ አክስቲቱ ወደ ሙሽራው ዞሩ። እጁ እስካሁን እንደ ተዘረጋ ነው፤ አውርድ ያለው ሰው የለም። «አንተስ?» ሲሉት የኮቱን ግራና ቀኝ ከፈተ። ሸሚዝ፣ የኔ ቀበቶ፣ ሌላ ምንም።

«ሁሉም ሲይዝ አንተ ለምን አልያዝክም?»

ጥያቄው ያልገባው መሰለ። ወደ ወንድሙ አየ፣ ወደኔ አየ።

«ምያለሁ እኮ፣ እትዬ» አለ።

አለ፣ አበቃ። እኔ ሰው ሲዋሽ በየቀኑ የምሰማ፣ ራሴም የምዋሽ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቃል ሱቄ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። አባትየው መሬት መሬት አዩ። ወንድምየው ስልኩን አንሥቶ ምንም የሌለበትን ነገር ማንበብ ጀመረ።

ሠርጉ አክስቲቱ አፍ ላይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ወንድማቸው ሊለምኗቸው አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

«ሠርጉ ይሆናል» አሉ አክስቲቱ በመጨረሻ። «ለእናንተ ብዬ አይደለም። የሚያገባት እሱ ነው፣ እሱ ደግሞ ንጹሕ ነው። ግን ከእንግዲህ መሐላችሁን አልፈልግም። በሠርጉ ቀን ወንድ የሆነ ሁሉ፣ ከኛም ከነሱም፣ ያለ ኮትና ያለ ጋቢ ይመጣል። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ። ወገቡን አያለሁ።»

«በጥር?» አሉ ሽማግሌው። «በእንጅባራ ብርድ?»

«እርስዎም ጭምር።»

አራቱን ሽጉጥ ካርቶኑ ውስጥ ደርድረው በሲባጎ አሰሩት። ጥይቱን በመሐረብ ቋጠሩት። ሁለቱንም ዘንቢላቸው ውስጥ ከተው፣ ጠዋት የገዙትን ቀይ ሽንኩርት ከላይ ደፉበት። «ብረቱን የፈለገ ከሠርጉ በኋላ ይምጣና በሰው ፊት ይጠይቀኝ» አሉ።

«እናቴ፣ የኔ እንኳ ከጠቡ የለበትም» አልኩ።

«ያንተማ ከምንም የለበትም።»

በሩን ከፍተው ወጡ። ከሱቄ ደጃፍ ሆኜ አየኋቸው። በገበያተኛው መሀል፣ በባጃጁ መሀል፣ ዘንቢላቸውን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው፣ ሌላውን ክንዳቸውን እንደ ልባቸው እያወዛወዙ ሄዱ። አንድ ሰው ዞር ብሎ አላያቸውም። እኛ አራት ወንዶች አንዳንድ ብረት መደበቅ አቅቶን ስንት ወር ስንንጋደድ፣ እሳቸው አራቱን ይዘው ሽንኩርት ተሸክመዋል። የኔን እስካሁን አልጠየቅኩም። ሌሎቹ ጠይቀው እንደሆነ የሚነግረኝ የለም።

ከዚያ ወዲያ እስከ ሠርጉ ዕለት ድረስ ሸሚዝ ስሸጥ ዋልኩ። ከሁለቱም ወገን እየተንጋጉ መጡ። ለካ ከኮቱ ሥር የነበረው ሸሚዝ ለሰው ዓይን የሚሆን አልነበረም። ሱቄን ከነመደርደሪያው ሊገዛ በሚችል ብረት የታጠቀ ሰው፣ አንገትጌው የተበላ፣ ብብቱ የተቀደደ ሸሚዝ ነው ከሥር የለበሰው። ኮቱን አውልቆ መስታወት ፊት ሲቆም ራሱም ይደነግጣል። ሁሉም የሚገዛው በትክክለኛ ቁጥሩ ሆነ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፋፊው ሱሪ መደርደሪያ ላይ ቀረብኝ።

ለሠርጉ እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ዳሱ መግቢያ ላይ ገመድ ተዘርግቷል፤ ከገመዱ ሥር አክስቲቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የመጣው ወንድ ሁሉ ኮቱንና ጋቢውን ገመዱ ላይ ይሰቅላል፣ ሸሚዙን ይከታል፣ ፊታቸው ይቆማል።

«ዙር» ይላሉ።

ይዞራል። ጎልማሳውም ዞረ፣ ሽበታሙም ዞረ። የንስሐ አባታቸው ሳይቀሩ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ዞሩ። አባትየው ሲደርሱ፣ «እኔ ወንድምሽ ነኝ እኮ» አሉ። «ሁለት ጊዜ ዙር» አሏቸው።

ቀትር ላይ ፀሐይ ስለነበረች ሰው ቀልዱን ወደደው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ግን ነፋሱ ከጥርባ በኩል መጣ። ያኔ ወንዱ ሁሉ ትከሻውን አጥብቆ ቆመ፤ ቀጥሎ ከበሮ ሲመታ ማንም ሳይለምነው ተነሥቶ ወደ ጭፈራው ገባ። ሲቀመጥ ይበርደዋል፣ ስለዚህ አይቀመጥም። ድሮ ሠርግ ላይ ወገባቸውን ይዘው ጥግ ጥጉን የሚቆሙት እነዚያ ሰዎች፣ ሁለት እጃቸውን ለቀው ትከሻቸውን ሲያርገፈግፉ ለማየት በቃሁ። በዚያ አገር እንዲህ የተጨፈረበት ሠርግ የለም ብለው እስከ ዛሬ ያወራሉ። የእርቁ ደስታ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ብርዱ ነው ባይ ነኝ።

መሸት ሲል ሽማግሌው ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ወደ አክስቲቱ ሄዱ። «እመቤት፣ ሰው በጥይት እንዳይሞት ብለሽ በብርድ ልትጨርሺው ነው?» አሏቸው።

አክስቲቱ ገመዱን አዩት፣ ሰዉን አዩት። ከዚያ ጋቢዎቹን እያወረዱ ማደል ጀመሩ። ለሁለት ሰው አንድ ጋቢ። አንዱ ከዚህ ወገን፣ አንዱ ከዚያ ወገን። ማጉረምረም ተነሣ፣ ግን ብርድ ነው፣ ማን እምቢ ይላል? አባትየውና የሙሽራው ወንድም አንድ ጋቢ ደረሳቸው። መጀመሪያ ጫፍና ጫፉን ይዘው እንደሚለካ ጨርቅ ወጠሩት፣ መሀሉን ነፋስ ገባበት። ትንሽ ቆዩ። ከዚያ አባትየው ተናደው፣

«ጠጋ በል እንጂ አንተ! ብርድ አስገባህብኝ» ሲሉት ሰማሁ።

ተጠጋ።

እኔ ከሁለቱም ወገን ስላልነበርኩ ጋቢ አልደረሰኝም።